«በማን?» ብዬ የጠየቅኩበት ቀን

ከናዝሬት እስከ አቦምሳ ባለው አገር፣ የእንግሊዝኛውን ፓሲቭ ቮይስ እንደ እኔ አድርጎ ያስተማረ ሰው ካለ ይምጣና እንፎካከር። ጉራ ነው ካላችሁም ይሁን፤ ሠላሳ ምናምን ዓመት የጠመኔ ብናኝ የዋጠ ሰው ትንሽ ጉራ ቢነዛ አይፈረድበትም። ጡረታ የወጣሁ ዕለት ባልደረቦቼ ጋቢ ሲያለብሱኝ፣ የቀድሞ ተማሪዬ የነበረ አንድ መምህር ተነሣና በእንግሊዝኛ፣ «ቲቸር ወርቅነሽ ዛሬ በመንግሥት ተሰናበቱ» አለ። ባይ የምትባለዋን የእንግሊዝኛ «በ» በቦታዋ ቁጭ አደረጋት። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ስቄ ስቄ፣ ኋላ ግን ሆዴ ባባ። በዚያች በትንሿ ባይ ምክንያት የሠራሁት ጥፋት አለ፤ እሱን ሳልናገር ብሞት ነፍሴ አትማርም።

ለማታውቁት ልንገራችሁ። «ሌባው በሩን ከፈተ» ካልን አድራጊው ሌባው ፊት ተቀምጧል፤ ይህ ገቢር ይባላል። «በሩ በሌባው ተከፈተ» ካልን በሩ ወደ ፊት መጣ፣ ሌባው ወደ ኋላ ሄደ፤ ይህ ደግሞ ተገብሮ ነው፤ ፓሲቭ ቮይስ ማለት ይኸው ነው። እንግሊዝኛው ሌባውን ወደ ኋላ ሲወስደው ባይ የምትል ቃል ከፊቱ ያቆማል፤ «በሌባው» ላይ ያለችው የእኛዋ በ ማለት ናት። ከፈለገ ደግሞ ሌባውን ጭራሽ ይተወዋል። «በሩ ተከፈተ» ይልና ዝም።

የመጀመሪያ ምድቤ ደራ ነበር፤ ከናዝሬት ወደ አሰላ ሲሄዱ ያለችው ደራ። ደመወዙን አታንሡብኝ። ልጆቹ ቤታቸው ኦሮምኛ ይናገራሉ፣ አንደኛ ደረጃን በአማርኛ ይማራሉ፣ ሰባተኛ ክፍል ሲገቡ ደግሞ እንግሊዝኛ አፉን ከፍቶ ይጠብቃቸዋል። በሁለተኛው ሳምንት አንዱ እያለቀሰ መጣና «ቲቸር፣ አይ ዋዝ ስቶልን ማይ ፔን!» አለኝ። ብዕሬ ተሰረቀ ሊል ሌቦች እኔን ሰረቁኝ አለ።

«አንተን? አንተን የሰረቀ ሌባ ምን ሊያበላህ ነው?» አልኩት። ክፍሉ ተንጫጫ።

ማታ ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን ጥፋቱ የልጁ አይደለም። እኛ በአማርኛ «ብዕሬን ተሰረቅኩ» እንል የለ? ልጁ ያንኑ ቃል በቃል ተርጉሞ ነው ያመጣልኝ። በማግስቱ ሰሌዳውን ለሦስት ከፈልኩት። በአንዱ ሠራ፣ ተሠራ። በአንዱ የራሳቸውን ኢጃሬ፣ ኢጃረሜ። በሦስተኛው ቢልት፣ ዋዝ ቢልት። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ልጅ እጇን አወጣችና፣ «ቲቸር፣ አማርኛ ከፊት ይነክሳል፣ ኦሮምኛ ከኋላ ይነክሳል፣ እንግሊዝኛ ግን ሁለት ሆኖ ይመጣል» አለችኝ። እግዜር ይስጣት፣ ከዚያ ወዲህ በሄድኩበት ሁሉ በእሷ ቃል ነው ያስተማርኩት። ኦሮምኛ ሰሌዳ ላይ ጻፍሽ ብሎ ዳይሬክተሩ ተቆጣኝ፤ ልጆቹ ፈተናውን ሲያልፉ ግን አፉን ያዘ።

ከዚያ ወደ ናዝሬት፣ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ተዛወርኩ። እዚያ ነው ጋሽ ታደሰን ያገኘሁት። የእንግሊዝኛ ክፍሉ ኃላፊ ነበሩ፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ የሸሚዛቸው ኪስ ሁልጊዜ በጠመኔ ቁራጭ የነጣ። ቀይ እስክሪብቶ በእጃቸው አይነኩም። ተማሪ ሲሳሳት ደብተሩን ይዘው ይጠጉትና በጆሮው፣ «ምን ለማለት ፈልገህ ነው?» ይሉታል። መልሱን ሳይሰሙ አንዲት ፊደል አያርሙም። እኔ ደግሞ ችኩል ነበርኩ፤ በአንድ ክፍለ ጊዜ ስድሳ ደብተር በቀይ ሞጫጭሬ እወጣለሁ። «አንቺ ልጅ፣ ደብተር እያረምሽ ነው ወይስ በርበሬ እየደለዝሽ?» ይሉኝ ነበር።

ፓሲቭን ሲያስተምሩ ማየት ነበር! የክፍሉን አለቃ ወደ ውጭ ይልኩትና የራሳቸውን ጠረጴዛ ጎትተው ጥግ ያስይዙታል። አለቃው ሲመለስ፣ «ምን ሆነ?» ይሉታል። ልጁ ማን እንደጎተተው አላየም፤ ያለው አማራጭ «ጠረጴዛው ተጎተተ» ማለት ብቻ ነው። «ይኸውላችሁ፣ ተገብሮ ለዚህ ነው የተፈጠረው» ይላሉ። ከክፍል ስንወጣ ለእኔ ለብቻዬ ሌላ ጨመሩልኝ። «መጽሐፉ፣ አድራጊው ሳይታወቅ ወይም ሳያስፈልግ ሲቀር ባይ ይተዋል ይላል። ሁለት ምክንያት። ሦስተኛውን መጽሐፍ አይጽፈውም፤ አድራጊው ሲፈራ ነው።» ያን ጊዜ ደርግ በሥልጣን ላይ ነው። ዙሪያቸውን ሳያዩ እንዲህ ያለ ነገር አይናገሩም ነበር። እኔ ግን ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ።

የእኔ ዘዴ ከእሳቸው ይለያል። ሦስት ተማሪ ፊት አወጣለሁ፦ አድራጊ፣ ግስ፣ ተደራጊ። «ቀይሩ!» ስል ተደራጊው ወደ ፊት፣ አድራጊው ወደ ኋላ ይሮጣል፤ ኋላ የደረሰው የእኔን አሮጌ ጃንጥላ ዘርግቶ መያዝ አለበት። ጃንጥላው ባይ ነው። ያለ ጃንጥላ የቆመ አድራጊ ዝናብ ይመታዋል፣ ማለትም ግማሽ ማርክ ይቀነስበታል። በማትሪክ ፈተና ባይዋን የረሳ ነጥብ ስለሚያጣ በዚህ ነገር ምሕረት አልነበረኝም። ዓረፍተ ነገር ባጎደሉ ቁጥር «ባይ ሁም?» ብዬ እጮኻለሁ፤ በማን? ማለት ነው። ተማሪዎቹም ስሜን ትተው «ባይ ሁም መጣች» ይሉኝ ጀመር። ደስ ይለኝ ነበር፣ ምን ልዋሽ!

አሥራ አንደኛ ክፍል አያንቱ ቱፋ የምትባል ተማሪ ነበረችኝ። አባቷ ኦቦ ቱፋ ከደራ እህል እያመጡ ናዝሬት የሚነግዱ ሰው ነበሩ። ልጅቷ ጎበዝ ነበረች፤ እጇ ቀድሞ የሚወጣ፣ ስትሳሳት በራሷ የምትስቅ። ያን ሰሞን ግን እጇ ጠፋ። እኔም ምን ሆነች ብዬ አልጠየቅኩም፤ ማትሪክ በሚቀጥለው ዓመት ነው፣ ይዘቱን መጨረስ አለብኝ።

አንድ ጠዋት ሁሉም ከራሱ ሕይወት አንድ ዓረፍተ ነገር በፓሲቭ እንዲያመጣ አዘዝኩ። አንዱ «ጋሪያችን ተሸጠ» አለ። አንዷ «ጸጉሬ ተሠራ» አለች፤ ተሳቀ። አያንቱ ተራዋ ደረሰና ተነሣች። በእንግሊዝኛ፣ «አባቴ ተወሰደ» አለች።

«ባይ ሁም?» አልኩ።

ዝም አለች። ክፍሉም ዝም አለ። ሃያ ዓመት ያስተማረ ሰው የዝምታን ዓይነት ይለያል፤ እኔ ያኔ ገና ሰባተኛ ዓመቴ ነበር። የስንፍና ዝምታ መሰለኝ።

«አላለቀም! ባይ ሁም?»

ወደ መስኮቱ አየች። ከጎኗ ያለችው ልጅ ቀሚሷን ስትጎትታት አይቻለሁ። አይቻለሁ እያልኳችሁ ነው።

«አያንቱ! ግማሽ ማርክ ልቀንስ?»

ያኔ ቀና አለችና፣ አንዲት ፊደል ሳታጎድል፣ «ማይ ፋዘር ዋዝ ቴክን ባይ ኮምሬድ ስለሺ» አለች። አባቴ በጓድ ስለሺ ተወሰደ።

እኔ ምን ብል ጥሩ ነው? «ቬሪ ጉድ!» አልኩ። አፌ ነው የተናገረው፤ ጆሮዬ ዘግይቶ ነው የሰማው።

ጓድ ስለሺ የእነ አያንቱ ቀበሌ የአብዮት ጥበቃ አዛዥ ነበር። ስሙን ሰው በሹክሹክታ እንኳ አይጠራውም። በክፍሉ ውስጥ የወጣቶች ማኅበር ተወካይ የሆነ ተማሪ ነበር፤ የሰማውን ለቀበሌው የሚያደርስ። ከምሳ በኋላ ጠመንጃ የያዙ ሁለት ሰዎች መጥተው አያንቱን ከክፍል አስወጧት።

ጋሽ ታደሰን ሽንት ቤት አጠገብ አገኘኋቸውና እያለቀስኩ የሆነውን ነገርኳቸው። አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

«ምን ለማለት ፈልጋ ነው ብለሽ ጠይቀሻታል?»

«አልጠየቅኩም፣ ጋሼ።»

«እንዲህ ያለው ጥያቄ በር ላይ፣ ለብቻዋ ነው የሚጠየቀው። በይ አሁን አታልቅሺ። ልጅቷን ሳይመሽ እናውጣት። ከመሸ ወደ ሌላ ቦታ ያሳልፏታል።»

ሌላ ቦታ ምን እንደሆነ የዚያ ዘመን ሰው ያውቃል። በጋሪ ሄድን። መንገድ ላይ ጋሽ ታደሰ ያሉኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «አድራጊ ይፈልጋሉ፤ አድራጊ ስጫቸው።» ገባኝ።

በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ጓድ ስለሺ ከጠረጴዛው ጀርባ ተቀምጧል። አያንቱ ጥግ ላይ መሬት ተቀምጣለች፤ ጫማዋ በእግሯ የለም። «ስሜን ማነው ያነሣው?» አለ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። ድምፄ ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ በክፍል ውስጥ የምጮኽበት ያው ድምፅ ነው። «የሰዋስው ምሳሌ ነው፣ ጓድ። እኔ ፈጥሬ ሰጠኋት፣ እሷ በቃሏ ደገመችው። የታወቀ ሰው ስም ሲሆን ተማሪ አይረሳውም ብዬ ነው።»

ጋሽ ታደሰም ኮፍያቸውን አውልቀው፣ «እንግሊዝኛ እንዲህ ነው ጓድ፣ እውነት ያልሆነ ብዙ ነገር ያናግራል» አሉ።

ስለሺ ለረጅም ጊዜ አየኝ። ከዚያ ወረቀትና ካርቦን አስመጣ። «ጻፊው» አለኝ። ጻፍኩ። አሁንም በቃሌ ነው የማውቀው፦ «አባቴ በጓድ ስለሺ ተወሰደ የሚለው ዓረፍተ ነገር ለሰዋስው ማስተማሪያ በእኔ በመምህርት ወርቅነሽ የተፈጠረ ምሳሌ እንጂ ምንም እውነትነት የሌለው መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።» ፈረምኩ። አያንቱንም አስፈረማት። ማኅተም አረፈበት። ያን ወረቀት ከእኔ ይልቅ እሱ አጥብቆ ይፈልገው እንደነበር ያኔ አልገባኝም። እኔ የማየው ልጅቷን ብቻ ነበር።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ይዘናት ወጣን። ቤቷ በር ላይ ስንደርስ ላቅፋት ፈለግኩ፤ ሰላም ብላኝ ገባች። ከሳምንት በኋላ ክፍል ተመለሰች፣ ኋላ ወንበር ተቀመጠች፣ በእኔ ክፍለ ጊዜም ዳግመኛ አፏን አልከፈተችም።

በወሩ ደብዳቤ መጣልኝ። «ለሥራው ቅልጥፍና ሲባል ወደ አቦምሳ የተዛወሩ መሆኑን እናስታውቃለን።» ተዛወሩ! በማን? አልተጻፈም። ደብዳቤውን ይዤ ጋሽ ታደሰ ጋ ስሄድ፣ «ይሄ ሦስተኛው ምክንያት ነው ወይስ ሁለተኛው?» አልኳቸው። እሳቸውም፣ «ይሄስ አንደኛው ነው፤ ማን እንደሆነ እነሱም አያውቁትም» አሉና አሳቁኝ። ያን ያህል አልከፋኝም ነበር። ልጅቷን አድኛለሁ፣ ዋጋውን ከፍያለሁ፣ አቦምሳም ቢሆን ሰው ይኖርበታል ብዬ ሻንጣዬን አነሣሁ።

አቦምሳ ዘጠኝ ዓመት አስተማርኩ። መብራት በሌለበት፣ አንድ መጽሐፍ ለስድስት። ጃንጥላዬን ትቼ የጋሽ ታደሰን ጥያቄ ያዝኩ። ተማሪ ዝም ሲል ዝም እል ጀመር፤ በር ላይ ጠብቄ ስንቱን ሰማሁ። በአውራጃው የእኔ ተማሪዎች ውጤት አንደኛ ሆነ፤ እንዲያው ባልናገረው ደስ አይለኝም። ጋሽ ታደሰ ያረፉት እኔ አቦምሳ እያለሁ ነው፤ ለቀብራቸው በጭነት መኪና ተሳፍሬ ደረስኩ።

መንግሥት ሲለወጥ ወደ ናዝሬት ተመለስኩ። አንድ እሑድ ከሰዓት በሬ ተንኳኳ። ስከፍት አንዲት ረዘም ያለች ሴትና፣ ከጎኗ ነጠላ የለበሱ አሮጊት ቆመዋል።

«ቲቸር፣ አወቁኝ?»

ዓይኗን ሳይ አወቅኳት። አያንቱ መድኃኒት ቤት ትሠራለች፣ ሁለት ልጆች ወልዳለች። አሮጊቷ እናቷ ናቸው፣ አዴ ብሪቱ። አስገባኋቸው፤ ቁጭ ሳይሉ እንኳ አያንቱ ከቦርሳዋ አንድ ወረቀት አወጣች። በካርቦን የተጻፈው የእኔ ጽሑፍ ነው። ማኅተሙ ሳይቀር።

«በደርግ ጊዜ የተወሰዱ ሰዎችን የሚመዘግቡ መጥተዋል» አለች። «ስለ አባባ በቀበሌው መዝገብ ያለው ወረቀት ይሄ ብቻ ነው። ስለሺን ሲጠይቁት፣ 'ሰውየው ጥሎ ሄዶ ይሆናል፤ እኔ ወሰድኩት የሚለው ወሬ የተፈጠረ መሆኑን አስተማሪዋ ራሷ ፈርማለች' አላቸው። መዝጋቢዎቹም እኔን 'አንቺም ፈርመሻል እኮ' አሉኝ።»

እኔ ምን አሳበደኝ! «አያንቱዬ፣ አንቺን ለማውጣት ነው እኮ! ሌላ ምን ማድረግ እችል ነበር?»

«አውቃለሁ፣ ቲቸር። እኔን አትርፈውኛል። ለልጆቼም ነግሬያቸዋለሁ።» ወረቀቱን ወደ እኔ አስጠጋችና፣ «አባቴን ግን ምሳሌ አደረጉት» አለች።

  ስንት ዓመት ሙሉ «አንዲት ልጅ አድኛለሁ» ብዬ እንቅልፌን ስተኛ፣ እናትየው ባላቸው ሞቷል ብለው እንዳያለቅሱ፣ ይመጣል ብለውም እንዳይጠብቁ ሆነው ኖረዋል። በአገሩ ካለው ወረቀት ሁሉ ስለ ባላቸው መወሰድ የሚናገረው አንዱ ወረቀት «ውሸት ነው» ይላል፤ ፊርማውም የእኔ ነው።

«ምን ላድርግልሽ?» አልኩ። ሳልፈራ፣ ሳልቸኩል፣ ጠየቅኳት።

«የዚያን ቀን ያልኩትን ይጻፉልኝ። እንዳልኩት።»

ወረቀት አምጥቼ ቁጭ አልኩ። «ከዚህ በፊት የተሰጠው ቃል በስህተት የተጻፈ መሆኑ…» ብዬ ጀመርኩና እጄ ቆመ። ተሰጠ! ተጻፈ! እኔው ራሴ፣ የተገብሮ ጌታ፣ ዛሬም ልደበቅበት ነው እንዴ? ቀደድኩት። በሁለተኛው ወረቀት ላይ እንዲህ ጻፍኩ፦ «እኔ መምህርት ወርቅነሽ ለቀበሌው ዋሸሁ። ምሳሌውን እኔ አልፈጠርኩትም። አያንቱ በክፍል ውስጥ በፊቴ እውነቱን ተናገረች። አባቷን ኦቦ ቱፋን ስለሺ ወሰዳቸው። እኔም አስጨንቄ አናገርኳት።» የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አያንቱ አልጠየቀችኝም፤ የእኔ ናት።

ጮክ ብዬ አነበብኩላት። አዴ ብሪቱ አማርኛ ብዙም አይሰሙም። «ማል ጄዸ?» ብለው ልጃቸውን ጠየቁ፤ ምን ይላል?

አያንቱ ወደ እናቷ ዞረች። በቤታቸው ውስጥ ያን ሁሉ ዓመት ማንም ደፍሮ ያላለውን በኦሮምኛ አለችው፦ «ስለሺቱ ፉዸቴ።» የወሰደው ስለሺ ነው።

አሮጊቷ አላለቀሱም። ተነሥተው ነጠላቸውን አወለቁና ጥለቱን ዘቅዝቀው መልሰው ለበሱት። ከዚያ ለእኔ እንዲገባኝ በሰባራ አማርኛ፣ «አሁን እርሜን አወጣለሁ» አሉ።

በማግስቱ አያንቱ ወረቀቱን ለመዝጋቢዎቹ ሰጠች፤ የአባቷን ስም ከስለሺ ስም ጋር ጻፉት። አስከሬናቸው የት እንዳለ ግን እስከ ዛሬ የነገረን የለም። ያኑ ዕለት ከሰዓት የዕድሩ ሰዎች እነ አያንቱ ደጅ ድንኳን ተከሉ። ከደራ ዘመድ በጭነት መኪና መጣ። አንድ ሽማግሌ አጠገቤ ተቀምጠው «እርስዎ ምናቸው ነዎት?» አሉኝ። የልጅቷ አስተማሪ ነኝ አልኩ፤ ሦስቱንም ቀን ለቅሶ ተቀመጥኩ።